አሞራ ያልወረደበት ጉብታ

ሰላይ ሲባል የሰው ዓይን ይበራል። ያ የጦርነት ዘመን ሲነሣ፣ ጃፓኖች ምሥራቁን ቻይናዎች ምዕራቡን ይዘው እኛ ከግመሎቻችን ጋር መሀል አሸዋው ላይ የቀረንበት ዘመን ሲወራ፣ ወጣቶቹ ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ ያዳምጣሉ። ሽጉጥ ይጠብቃሉ። ጉድጓድ ዳር ቆማ የምታለቅስ ቆንጆ ይጠብቃሉ። እኔ በዕድሜዬ ያየሁት ሰላይ ሎድን ብቻ ነው፤ ሎድንን ያየ ሰው ደግሞ ስለ ሰላይ ዘፈን አይወጣውም።

ሎድን የቻኻር ሰው ነው። ሳሩ ጉልበት የሚደርስበት፣ ፈረስ እንጂ ግመል የማይከበርበት አገር ነው። አባቱ ከወንዶች ልጆቹ መካከል ሰነፉን መርጦ ለገዳም ሰጠው። እኛም ዘንድ ልማዱ ያው ነው፤ ጎበዙ ከመንጋው ጋር ይቀራል፣ ሰነፉ ቀይ ካባ ይለብሳል፣ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልካችንን ለሰነፉ እንሰግዳለን። የሎድን ስንፍና ግን ለገዳሙም በዛበት። በምስሎቹ ፊት የሚበሩትን የቅቤ መብራቶች እፍ እያለ ቅቤውን ሲልስ ተያዘና ጆሮው ተጠምዞ ተባረረ። ጸሎቱን ተምሮ ሳይጨርስ ነው የወጣው፤ ዜማው ቀርቶለታል፣ ቃሉ የለም። ከዚያ ካልጋን ከተማ ወርዶ በአንድ የሱፍ ነጋዴ ግቢ ጆንያ ሲሰፋ ጎለመሰ። ጃፓኖቹ ያገኙት እዚያ ነው።

ምን አይተው እንደመረጡት ሰማይ ይወቅ። ካባ አልብሰው ሲያዩት አማረባቸው መሰለኝ። ቁመቱ ረጅም፣ ግንባሩ ሰፊ ነው፤ ዓይኑን ሲጨፍን የሚያስብ ይመስላል። ወደ ኩምቡም ገዳም፣ ከዚያም ወደ ቅድስቲቱ ከተማ ወደ ላሳ የምሳለም ላማ፣ የቡድሃ መነኩሴ ነኝ በል አሉት። በመንገድህ የምዕራቡ የቻይና ገዥ ወታደሮቹን የት እንዳሰፈረ፣ ምን ያህል መድፍና ምን ያህል በቅሎ እንዳለው አይተህ ተመለስ አሉት። መቁጠሪያ ሰጡት፣ የጸሎት መጽሐፍ ሰጡት፣ በበግ ጨጓራ የተሰፋ ቅቤም ሰጡት። እንግዲህ ቅቤ ልሶ የተባረረን ሰው ቅቤ አሸክሞ የሚልክ መንግሥት፣ ጦርነቱን እንዴት እንደሚያሸንፍ አስቡት።

ወደ እኛ የመጣው ብርዱ ሊያልቅ አካባቢ ነው። የጨው ግመሎቻችንን ይዘን ቀዩ የውሃ ጉድጓድ አጠገብ ሰፍረን ነበር፤ ወደ ጨው ሐይቁ ከመውረዳችን በፊት እዚያ እናሳርፋቸዋለን። አለቃችን ባልዳን ቀይ ካባ ከሩቅ ሲያይ ቆቡን ያወለቀው ገና ሰውየው ፊቱ ሳይለይ ነው። ላማ አብሮት የሚጓዝ ጭነት አይጠፋም ይባላል። ሎድን እንደ ሰላምታው ልማድ ሱረቱን ከባልዳን ጋር ተለዋውጦ፣ በድንኳኑ ውስጥ ከሁላችን በላይ ተቀምጦ፣ ከበጉ ላት ወፍራሙን ቆርጦ አነሣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ላቱ የእሱ ሆነ።

«እንዴት አላወቃችሁትም?» የሚሉን አሉ። ማየቱንማ ሁሉን አይተናል። ጸሎት ሲመራ ቃሉን እንደሚውጥ አይተናል። ገጹን የሚገለብጠው አንብቦ ሲጨርስ ሳይሆን ምራቁ ጣቱ ላይ ሲደርቅ እንደሆነ አይተናል። ጭነት ሲታሰር ሆዱን ይዞ እንደሚዞር፣ ውሃ ሲቀዳ እንቅልፍ እንደሚወስደው አይተናል። ስሕተታችን ሌላ ነው፤ ይህን ሁሉ ያየነው እኛ እውነተኛ ላማ መሆኑን በዚሁ አረጋገጥን። ዕድሜያችንን ሙሉ ያየናቸው እንደዚያው ነበሩ። ቢተጋ ኖሮ፣ አንዲት ባልዲ ውሃ ቢያነሣልን ኖሮ፣ ያን ጊዜ እንጠረጥረው ነበር።

አንድ ነገር ብቻ እንግዳ ሆነብን። ብቻውን ለጸሎት ወጥቶ በተመለሰ ቁጥር በቀኝ ዓይኑ ዙሪያ የቅቤ ክብ ይታይበታል፤ በሲኒ አፍ የታተመ ነው የሚመስለው። የባልዳን ሚስት ዶልጎር ነገር አታሳልፍምና ጠየቀችው። ውስጠኛውን ዓይን ይከፍታል ብሎ መለሰላት። በማግስቱ ዶልጎር ቀኝ ዓይኗን በቅቤ ከብባ መጣች። ከዚያ ሌሎቹም ሴቶች ተከተሏት። ያን ሰሞን ወደ ጉድጓዱ ስትወርዱ ብታዩን፣ ሴቶቻችን ሁሉ በአንድ ዓይናቸው የሚያብረቀርቁ ነበሩ።

አሁን ጋንጁርን ላንሣ፤ ስሙን ከዚህ ሰውዬ ስም አጠገብ ሳኖር አንደበቴ ይከብደኛል።

ጋንጁር የኖርጂን ልጅ ነው፣ ያላት እሱ ብቻ። ኖርጂን ባሏን በወጣትነቷ ቀብራ፣ በጥቂት ግመሎች ልጇን ያሳደገች፣ ቃሏ አጭር፣ እጇ ሻካራ ሴት ናት። ልጁ ግን ከማን እንደወረሰው አይታወቅም፣ ድምፅ ነበረው። ጠዋት ጠዋት ግመሎቹን ሲያወጣ ሲያንጎራጉር፣ እኔ ከድንኳኔ ሳልወጣ ቀኑ ምን ዓይነት እንደሆነ ከድምፁ አውቅ ነበር። ያን ዓመት ነጭዋ ግመላቸው የመጀመሪያዋን ወለደችና ግልገሏን ጠላችው። አሽትታ ዞር፣ ሲጠጋት እርግጫ። እንዲህ ሲሆን እኛ ዘንድ ለግመሊቱ ይዘፈንላታል። ጋንጁር አንገቷ ሥር ቆሞ፣ እጁን ጎኗ ላይ አድርጎ፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ ዘፈነላት፦

ነጭዋ እመቤቴ፣ ፊትሽን መልሺ፣
ያንቺው ነው የሚያለቅስ፣ አብረሽው አልቅሺ።
ብትሄድ ብትርቅ፣ አሸዋ ቢጋርዳት፣
ዞራ ትመጣለች፣ ናፍቆት እየጎዳት።

የግመል ዓይን ትልቅ ነው፤ እንባውም እንደዚያው ትልቅ ነው። ነጭዋ አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ ግልገሏን ሳታሸት ውሃ አትጠጣም፣ ከዓይኗ ከተሰወረም ሰፈሩን በጩኸት ታናውጠዋለች። ሎድን ያን ዕለት እዚያው ነበር። እሳት ዳር ተቀምጦ የደረቀ አይብ እያኘከ፣ በእሱ አገር ለእንስሳ እንደማይዘፈን ነገረን።

ብዙም ሳይቆይ ኮርማዎች ለሴት በሚነሡበት ወራት ማብቂያ ላይ የባልዳን ኮርማ ግመል አበደ። አረፋ ደፍቆ ከሰንሰለቱ ወጣና ጋንጁርን ጥሎ በደረቱ ተንበረከከበት። ከሥሩ ስናወጣው ይተነፍስ ነበር፤ ድምፁ ግን ቀድሞት ሄዷል። እናቱ ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ቆየች። ሲያበቃ ቀና ብላ ላማውን አየችው።

ሰው ሲሞት ላማ መጽሐፉን ይገልጣል። ሟቹ በተወለደበት ዓመት መሠረት ሬሳው በየትኛው አቅጣጫ እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚነካው ከመጽሐፉ ይነበባል፤ ነፍሱ በጎ ቦታ ዳግም እንድትወለድ መንገዷ የሚቀናው በዚያ ነው። ሬሳው በተባለው ቦታ ይጋደማል፣ አሞራና ቀበሮ ቶሎ ካነሡት ደግ ሰው ነበር፣ ሰማይ ተቀበለው ይባላል። ሳይነካ ከቆየ ግን ኃጢአቱ ከብዷል፣ እንስሳ እንኳ ተጸየፈው ይባላል። እኛ የምናምነው ይህንን ነው፤ ኖርጂን ያመነችው ይህንን ነው። ለዚሁም ነጭዋን ግመል ከነግልገሏ ለላማው ሰጠች። የተሻለ ነገር አልነበራትም።

ሎድን መጽሐፉን ገለጠ። ከንፈሩን አላወሰ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከዚያ በጣቱ ወደ ሰሜን ምዕራብ አመለከተ፤ ከአሮጌው ቤተ ጸሎት በላይ ያለው ጉብታ ነው አለ።

በዚያ ቤተ ጸሎት መጸለይ ከቀረ ቆይቷል። የምዕራቡ ገዥ ወታደሮች ሰፍረውበት ግንቡን ምሽግ አድርገውታል። ያለ ጉዳይ የቀረበውን ይተኩሱበታል፤ ሬሳ የያዘ ሰው ግን ያሳልፋሉ፣ ሬሳ ይፈራሉና። ባልዳን ጢሙን እያሻሸ፣ እዚያ ቦታ ወታደር አለ፣ ሌላ ቦታ ቢሆንስ ብሎ ጠየቀ።

«መጽሐፉ ነው ያለው እንጂ እኔ አይደለሁም» አለ ሎድን። «በውሻ ዓመት የተወለደ ሰው ይሸከመው። እኔም አብሬ ወጥቼ እጸልይለታለሁ።»

በውሻ ዓመት የተወለድኩት እኔ፣ ሻግዳር ነኝ። በነጭ ሱፍ ጠቅልለን በግመል ጭነን ወጣን፣ ጉብታው ላይ አጋደምነው። ዞር ብሎ ማየት ነውር ስለሆነ አቀርቅሬ ቆምኩ። ሎድን ግን ቀና ብሎ ከሬሳው ራስጌ ቆሟል። በዓይኔ ጫፍ ሳየው ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ጣቱ መቁጠሪያውን ይገፋል፤ ፊቱ ወደ ምሽጉ ነው። እንደዚያ ተግቶ ሲጸልይ አይቼው አላውቅም። ለካ ለጋንጁር ያዝንለታል ብዬ እንባዬ መጣ።

በልማዱ መሠረት በሦስተኛው ቀን ሄጄ አየሁ። ሱፉ እንደነበረ ነው። አንድ ላባ የለ፣ አንድ ዱካ የለ። ቆይቼ ብሄድም ያው።

ሰፈሩ ሥራ አገኘ። ሟች ምን በደለ የሚለውን ፍለጋ ጉድጓዱ ዳር ተጀመረ። አንዷ በልጅነቱ የዝይ እንቁላል ሰብሯል አለች። ሌላዋ የዘፈናቸው የፍቅር ዘፈኖች ለባለትዳር ሴት ነበሩ አለች፤ ስሟን ግን አልጠራችም፣ ምናልባት ራሷ እንድትመስል ይሆናል። ዶልጎር ቅቤ በተቀባው ዓይኗ እያየች፣ ኮርማው በከንቱ አልተነሣበትም፣ እንስሳ ያውቃል አለች። ዘፈኑን ሲሰሙ እንባ ያበሱ የነበሩት እነዚሁ ሴቶች ናቸው። ኖርጂን ውሃዋን ቀድታ፣ ሁሉን ሰምታ ትመለሳለች። በጥቂት ቀናት ውስጥ ጀርባዋ ጎበጠ። ልጇን አጥታ ቆማ የነበረች ሴት፣ ልጇ የተናቀ ነፍስ ነው ሲባል ወደቀች።

ሎድን ግን ወፈረ። ለሟቹ ነፍስ በየቀኑ ጉብታው ላይ ወጥቼ ላማልድ ብሎ ጠየቃት። ኖርጂን ከራሷ ጌጥ የቀራትን ብር አውጥታ ሰጠችው፣ እጁንም ሳመችው። በየጠዋቱ ይወጣል፣ ከሰዓት ይመለሳል፣ ዓይኑ ዙሪያ የቅቤ ክብ አለ፣ ላቱን ይበላል።

እናት ልጇ ወደ ተጋደመበት መሄድ አይገባትም። አንድ ቀን ኖርጂን ሄደች። የሆነውን በኋላ ራሷ ነው የነገረችኝ።

ጉብታውን በግርጌው በኩል ስትወጣ መጀመሪያ የሰማችው ተኩስ ነው። ወታደሮቹ ግንቡ ላይ ተቀምጠው ይተኩሳሉ፤ ኢላማቸው የሚያልፍ አሞራ ነው። አንዱን ሲጥሉ ይስቃሉ። በሰማዩ ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ ክንፍ የለም። ልጇ ለምን እንዳልተነካ ያን ጊዜ ገባት። ከዚያ ጥቂት ወጣ ስትል ላማውን አየችው። ከጋንጁር ሬሳ ጀርባ በሆዱ ተኝቷል። ክንዱን የልጇ ደረት ላይ አስደግፎ፣ ሩቅ የሚያሳይ ባለ አንድ ዓይን የነሐስ መነጽር ዓይኑ ላይ ደቅኖ ምሽጉን ይመለከታል። አጠገቡ የበጉ ጨጓራ ተከፍቶ ቅቤው ውስጥ ጉድጓድ ይታያል። መነጽሩ የሚኖረው እዚያ ነው።

«የልጄን ሬሳ አጥር አደረግከው?» አለችው።

ሎድን ተንደርድሮ ተነሣና ካባውን አራገፈ። ይህ የጸሎት ዕቃ ነው፣ ሴት አታየውም ሊላት ሞከረ።

«ዓይንህን ጥረግ» አለችው።

ያኔ ሰውየው ጉልበቱ ላይ ወደቀ። ስለ ጃፓኖቹ ነገራት፣ ስለ ካልጋን ነገራት፣ ጆንያ ሲሰፋ እጁ እንዴት እንደሚቆስል እንኳ ነገራት። ኖርጂን የሩቅ ውሻ ጩኸት እንደሚሰማ ሰው ሰማችው። ጃፓንና ቻይና ለእሷ ሁለት ባዕድ ናቸው፣ የፈለጉትን ይዋጉ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«መጽሐፉ ወደዚህ አላለም?»

«አላለም።»

«ወዴት ነበር ያለው?»

«እማማ፣ መጽሐፉን ማንበብ አልችልም።»

ኖርጂን እንደነገረችኝ ያን ጊዜ የተሰማት ቁጣ አልነበረም። በጫማዋ አንድ ጸያፍ ነገር የረገጠች መሰላት። ውረድና ለሰው ሁሉ ተናገር፣ የልጄን ስም አጥራ አለችው። ከተናገርኩ ለወታደሮቹ ይሰጡኛል፣ አንገቴን ይቆርጡታል ብሎ አለቀሰ።

«ስለ አንገትህ አልጠየቅኩህም። ስለ ልጄ ነው የጠየቅኩህ።»

ነገ ከሻይ በኋላ በሰው ሁሉ ፊት እናገራለሁ ብሎ ማለላት። በቡድሃ ማለ፣ በእናቱ ማለ፣ በካባው ማለ። ኖርጂን ወርዳ ለማንም አልተናገረችም። የአንዲት እናት ቃል በላማ ቃል ላይ እንደማይቆም ታውቃለች፤ ልጄን ላድን ስትል ቅዱሱን ሰደበች ይሏታል። ስለዚህ የእሱ አፍ ያስፈልጋት ነበር፣ ያ የሰባ አፍ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ ሎድን ሊሸሽ ተነሣ። ሲሸሽ እንኳ የተሻለውን መረጠ፤ የኖርጂንን ነጭ ግመል ጫነ። ግልገሉ መንገድ ያዘገየዋል ብሎ ከካስማው እንደታሰረ ተወው። የግመል ሰው ቢሆን ኖሮ በእግሩ ይሄድ ነበር። የሚጠባ ግልገል ያላትን ግመል ከልጇ ነጥሎ መንገድ የሚወጣባት ሰው በእኛ አገር ገና አልተወለደም።

ረፋዱ ላይ የአሸዋ ነፋስ ተነሣ። ሰማዩ ቢጫ ሆነ፣ እጅህን ዘርግተህ ጣትህን አታየውም። ሁላችንም በባልዳን ድንኳን ተሰብስበን ሻይ አፈላን። ሎድን ካባውን በራሱ ላይ ተከናንቦ፣ ፊቱን ሸፍኖ፣ ግመሊቱ ወደ ምሥራቅ እየወሰደችው መስሎት ተንጠልጥሏል። እሷ ግን ጡቷ ሞልቷል፣ ጆሮዋ የምትሰማው ሌላ ነው። ጋንጁር ቆሞ የዘፈነላት ነገር በሆድዋ ውስጥ እየሠራ ነበር።

እኩለ ቀን ሲሆን ነፋሱ ወደቀ። ግልገሉ ከውጭ ጮኸ፣ ሌላ ጩኸት መለሰለት። ወጥተን ስናይ ነጭዋ ግመል አንገቷን ወደ ፊት ዘርግታ እየገሰገሰች ትመጣለች፤ ጀርባዋ ላይ አንድ ክምር ቀይ ጨርቅ አለ። ከግልገሏ አጠገብ ደርሳ ቆመች። ክምሩ ተንቀሳቀሰ፣ አቧራ ረገፈ፣ ከውስጡ የሎድን ድምፅ ወጣ፤ ያ የተለማመደው የላማ ድምፅ፦

«ሰላም ለዚህ ሰፈር ይሁን። የመንገድ ላማ ነኝ። ትኩስ ሻይ ይኖራችኋል?»

የመለሰችለት ዶልጎር ነች፤ እሷ መናገር አይቀርላትም።

«አባ፣ ትናንት ማታ እኮ ከእኛው ዘንድ ጠጡ።»

ሎድን ከፊቱ ላይ ጨርቁን ገፈፈ። ዶልጎርን አየ፣ ባልዳንን አየ፣ ጉድጓዱን አየ። ከግመሊቱ ላይ ሲንሸራተት ኮርቻው አብሮት ዞረ፣ የበጉ ጨጓራ ወደቀና ፈነዳ። የባልዳን ውሻ ከማናችንም ቀድሞ ደረሰ። ቅቤውን ሲልስ፣ ሲልስ፣ ጥርሱ ነሐስ ላይ ተንቀጫቀጨ። ባልዳን መነጽሩን ከውሻው አፍ ነጥቆ በእጁ ይዞ ቆመ። የጠረጠረ ፊት አልነበረውም፤ የተሰረቀበት ሰው ፊት ነበረው። ያ ሰው ስንት ላት ነው የበላበት።

ኖርጂን ከሰዉ መካከል ወጣችና አንድ ሲኒ ሻይ ይዛ ቀረበችው። ሲኒውን በሁለት እጁ ተቀበለ።

«ጠጣና ተናገር» አለችው።

ተናገረ። ላማ አለመሆኑን፣ መጽሐፉን ማንበብ አለመቻሉን፣ ጉብታውን የመረጠው ምሽጉ ስለሚታይበት እንደሆነ። ጋንጁር ምንም አልበደለም፣ አሞራ ያልወረደው ከጥይቱ የተነሣ ነው አለ። የተናገረው በዝግታ፣ እንደ ሕፃን ነው። ኖርጂን ግን አልበቃትም።

«ያን ቀን ልጄን አጋድማችሁ ስትቆሙ፣ ከንፈርህ ሲንቀሳቀስ እንዳየ ሻግዳር ነግሮኛል። ምን ነበር የምትለው?»

ሎድን ሲኒው ውስጥ አየ።

«በቅሎዎቹን እየቆጠርኩ ነበር።»

ግልገሉ የእናቱን ጡት ሲስብ ይሰማ ነበር። ዶልጎር እጅጌዋን አነሣችና ዓይኗ ዙሪያ ያለውን ቅቤ ጠረገች። ከዚያ ሌላዋም ጠረገች። የዝይ እንቁላል ሰብሯል ያለችው ሴት ፊቷን ወደ ድንኳኑ አዞረች። ይቅርታ የጠየቃት ግን አልነበረም፤ የእኛ ሰው ይቅርታ ከመጠየቅ አሸዋ መብላት ይቀለዋል።

ባልዳን ለወታደሮቹ እንስጠው አለ። ሰላይ ላመጣ ሽልማት ይሰጣሉ ይባላል፤ የተበላው ላት ያንገበገበው ይመስለኛል።

«ለወታደር ከሰጣችሁት ልጄን ማን ይሸከማል?» አለች ኖርጂን።

እውነተኛ ላማ የሚገኘው ሩቅ ነው፣ አቅጣጫውን ማን ይናገር የሚል ሰው ተነሣ። ላማ በቃኝ አለች ኖርጂን። ልጄ ግመሎቹን የሚያሰማራበት ሸለቆ ይውጣ፣ እዚያ ሲዘፍን ሰማይ ይሰማው ነበር፣ ያውቀዋል አለች። የተቃወማት አልነበረም።

ያንኑ ዕለት ፀሐይ ሳትወርድ ወጣን። ሎድን ጋንጁርን ከጉብታው በጀርባው ተሸክሞ አወረደ፤ እግሩ ሲንሸራተት፣ ሲነሣ፣ ሲንሸራተት እያየሁት ነው የተከተልኩት፣ አላገዝኩትም። ከታች ነጭዋ ግመል ጠበቀችን፣ ግልገሏ በዚህ ጊዜ ከጎኗ ነበር። ወደ ደቡብ፣ ደረቁ ቁጥቋጦ ወደሚበዛበት ሸለቆ ወሰድነው፣ አጋደምነው። ሰማዩ ዝም ያለ ነበር፣ ከምሽጉ የሚመጣ ድምፅ እዚያ አይደርስም። ዞረን ጥቂት እንደሄድን ጥላ በአሸዋው ላይ አለፈ። ሌላም ጥላ። ዞሬ አላየሁም፣ ነውር ነው። ክንፍ ሲታጠፍ የሚያሰማው ድምፅ ግን ከዘፈን አያንስም። ለኖርጂን ስነግራት ቀና አለች፣ ያ የጎበጠ ጀርባዋ ቀና አለ።

ሎድንን ካባውን ገፈፍነው፣ ማንም የማይፈልገው አሮጌ የበግ ለምድ ሰጥተን አባረርነው። ጉድጓዱን ሲያልፍ ሴቶቹ፣ ዓይናቸው ገና ከቅቤው ሳይደርቅ፣ ዘፈን አውጥተውለት ነበር፦

መቁጠሪያው በእጁ፣ ዓይኑ ከበቅሎ ላይ፣
እንዲህ ያለ ላማ ላከልን ወይ ሰማይ።

የቆጠራቸው በቅሎዎች ለማንም አልጠቀሙም። ሣሩ ሳይበቅል ወታደሮቹ ራሳቸው ምሽጉን ትተው ወደ ምዕራብ ሄዱ፣ በቅሎዎቹም አብረው ሄዱ። ጃፓኖቹም ተሸንፈው ወደ አገራቸው ተጫኑ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በአንድ በልግ ሎድን ተመልሶ መጣ፣ ያንኑ ለምድ ለብሶ። ካልጋን ውስጥ የሚያውቀው ሰው አጣ፣ ቻኻር ያሉት ወንድሞቹ አላስገቡትም። ኖርጂን ኩበት እንዲለቅም ፈቀደችለት። ለምን ብዬ ብጠይቃት፣ ኩበት የሚለቅም ሰው ያስፈልገኛል አለችኝ። ግመሎቹን ግን እንዲነካ አልፈቀደችለትም፣ በተለይ ነጭዋን።

ዓመታት እንዲያ ኖረ። ሲያረጅ ለወጣቶቹ ሰላይ ነበርኩ ማለት ጀመረ። ሲናገር ሽጉጥ ነበረው፣ ጄኔራሎች ያማክሩት ነበር፣ በአሸዋው ላይ ብቻውን ከወታደር ጋር ተዋግቷል። ወጣቶቹ አፋቸውን ከፍተው ይሰሙታል። ኖርጂን በአጠገቡ ስታልፍ ግን ቃሉን ይውጣል፣ ልክ ያኔ ጸሎቱን እንደሚውጠው።

ሲሞት ከገዳም የመጣ ላማ መጽሐፉን ገልጦ ወደ ምሥራቅ አለ። በውሻ ዓመት የተወለደ ይሸከመው ስላለ፣ ዕድሜዬን ታቅፌ እኔው ወጣሁ። አጋድሜው ገና ግመሌ ላይ ሳልወጣ አሞራዎቹ ሰማዩን አጠቆሩት። በማግስቱ ከሱፉ ቁራጭ በቀር አልተረፈም።

ሰፈሩ እንደገና ሥራ አገኘ። ዶልጎር አርጅታ ዓይኗ ፈዝዞ ነበር፣ ምላሷ ግን እንደነበረ ነው፤ ለካ የተሰወረ ቅዱስ ኖሯል፣ እኛ አላወቅነውም፣ ያ ቅቤ በከንቱ አልነበረም አለች። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዷ ጋንጁር ቀናት ሙሉ እንደቆየ፣ ይህኛው ግን ወዲያው እንደተነሣ ልትናገር አፏን ከፈተች።

ኖርጂን ከነጭዋ ግመል ልጅ ልጅ ሥር ተንበርክካ ወተት እያለበች ነበር። ባልዲውን አላስቀመጠችም፣ ቀናም አላለች።

«ተኩስ ስላልነበረ ነዋ» አለች፣ ማለቡንም ቀጠለች።